የአምስት ደቂቃ ፊልም በሦስት ቀን



የሚዲያ ዘርፋችን አዲስ አባላት መመዝገብ ከጀመረ ወዲህ ከወንድሞችም ከእህቶችም የሚመጣው ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፦ «ካሜራ የለንም፣ ጊዜ የለንም፤ ታዲያ አጭር ፊልም እንዴት ይሠራል?» የካሜራው መልስ አጭር ነው፤ ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ ይበቃል። የጊዜው ግን ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም የጊዜ እጥረት ፊልምን የሚያበላሸው ብዙዎቻችን በምናስበው በኩል አይደለም። ምስሉ ይደበዝዛል፣ ትወናው አያሳምንም ብለን እንፈራለን። እኔ እንዳየሁት ግን ሰዓት ሲጠብ ቀድሞ የሚጠፋው የምንቀርጸው ሰው ድምፅ ነው። ለምን እንደዚያ እንደሚሆንና እንዴት ማዳን እንደሚቻል ለማስረዳት ሁለት ፊልሞችን አነሳለሁ። አንዱን ዓለም በሙሉ አይቶታል። ሌላውን ያየው የግቢያችን ተማሪ ብቻ ነው። ሁለቱም የተቀረጹት ራያ ላይ ነው።

ኮረም፣ ጥቅምት 1977

ከቆቦ ተነስታችሁ ዋጃንና አላማጣን አልፋችሁ የግራ ካሕሱን ጠመዝማዛ ዳገት ስትወጡ ኮረም ትደርሳላችሁ። በ1977 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ በዚያ ከባድ ረሃብ ወቅት፣ ኮረም በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው የተሰበሰበባት የመጠለያ ቦታ ነበረች። የቢቢሲው ጋዜጠኛ ማይክል በርክና ኬንያዊው ሙስሊም የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ከጥቂት ባልደረቦቻቸው ጋር ደረሱ። የነበራቸው ጊዜ የቀናት ብቻ ነበር። አንዱ ይቀርጻል፣ አንዱ ድምፅ ይይዛል፣ አንዱ ይጽፋል። ፊልሙ ጥቅምት 13 ቀን 1977 (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 23 ቀን 1984) ከለንደን ሲተላለፍ ርዝመቱ ሰባት ደቂቃ ገደማ ነበር። ከዚያ በኋላ ከ400 በላይ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች አሳዩት። ቦብ ጌልዶፍ የተባለው አየርላንዳዊ ሙዚቀኛ ያንን ዘገባ አይቶ በወሩ ታዋቂ ዘፋኞችን ሰብስቦ የእርዳታ ዘፈን አስቀረጸ፤ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ለንደንና ፊላደልፊያ ላይ የተካሄደው ላይቭ ኤይድም የዚያው ተከታይ ነው።

ሰባት ደቂቃ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። በተሰበሰበው ገንዘብ የተረፈ ሕይወት አለ፤ ይህ አይካድም። ይሁን እንጂ ፊልሙን ያጠኑ ሰዎች ደጋግመው ያነሱት አንድ ነጥብ አለ። በዚያ ፊልም ውስጥ የሚናገሩት ዘጋቢውና አንዲት የውጭ አገር ሐኪም ናቸው። የእኛ ሰዎች ይታያሉ እንጂ አይናገሩም። ከየት እንደመጡ፣ ስንት ቀን በእግር እንደተጓዙ፣ ጦርነቱ ምን እንዳደረሰባቸው ከራሳቸው አፍ አንሰማም። የራያ ወይም የወሎ ልጅ ሆኖ ከውጭ አገር ሰው ጋር ያወራ ሁሉ ውጤቱን ያውቀዋል፤ የአገራችን ስም ሲጠራ በብዙዎች ዓይን የሚመጣው ሥዕል አሁንም ያው ነው።

ይህን የምለው መሐመድ አሚንን ለመውቀስ አይደለም። ሥራውን አክባሪ ሰው ነበር፤ ግንቦት 1983 አዲስ አበባ ላይ የጥይት ግምጃ ቤት ሲፈነዳ አንድ እጁን አጥቶ፣ አብሮት ድምፅ ይይዝ የነበረው ጆን ማታይ ሞቶበት፣ በሰው ሠራሽ እጅ ወደ ቀረጻው የተመለሰ ነው። ኅዳር 14 ቀን 1989 ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ በወደቀው የተጠለፈ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሕይወቱ አለፈ። የኮረሙ ፊልም ሰዎቻችንን ዝም ያሰኘበት ምክንያት፣ በእኔ ግምት፣ በዋናነት ሰዓት ነው። ምስል ወዲያው ይገኛል። ንግግር ግን አስተርጓሚ ይፈልጋል፣ ቁጭ ብሎ መስማት ይፈልጋል፣ ኋላም ሌላ ሰው ሲተረጉመው መጠበቅ ይፈልጋል። የሚቸኩል ሰው ምስሉን ይወስድና ንግግሩን ራሱ ይሞላዋል። እኛም ቆቦ ላይ እዚያው ጉድጓድ አፋፍ ደርሰን ነበር።

ሐሙስ ማታ

ነገሩ እንዲህ ነው። መንገዱ ሰላም በነበረበት በአንዱ ዓመት ግቢ ውስጥ የአጭር ፊልም ውድድር ነበር። ርዕሱ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ይነገራል፤ እሁድ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ከአምስት ደቂቃ ያልበለጠ ፊልም መግባት አለበት። አሠራሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 ዋሽንግተን ላይ የተጀመረው «የ48 ሰዓት ፊልም ፕሮጀክት» ቡድኖችን የፊልሙን ዓይነት በዕጣ ያስወጣል፣ የግድ መግባት ያለባቸውን አንድ ገጸ ባሕርይ፣ አንድ ዕቃና አንድ ንግግር ይሰጣል፣ ከዚያ በአንድ ቅዳሜና እሁድ ከአራት እስከ ሰባት ደቂቃ የሚሆን ፊልም ይቀበላል። የእኛው ለቀቅ ያለ ነበር፤ የተሰጠን አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «ጠባቂ»።

አምስት ሆነን ሹራ ተቀመጥን። በአንድ ሰዓት ውስጥ አሥራ ሁለት ሐሳብ ወጣ። በጣም ያጓጓን ስለ አንድ የእስር ቤት ጠባቂ የሚናገር ድራማ ነበር፤ ሦስት ክፍል፣ የደንብ ልብስ፣ ስምንት ተዋናይ፣ የሌሊት ዝናብ። ዝናቡን ከየት እንደምናመጣ የጠየቀ አልነበረም! አጭር ጊዜ ያለው ቡድን ሐሳብ ሲመርጥ ማማሩን ሳይሆን ቁጥሩን ይይ፦ ስንት ቦታ? ስንት ሰው? የቀን ብርሃን ነው የሌሊት? ቦታ በቀየራችሁ ቁጥር ዕቃ መሰብሰቡ፣ መጓዙ፣ እንደገና ማዘጋጀቱ ሁለት ሰዓት ይበላል። አንድ ቦታ፣ አንድ ወይም ሁለት ሰው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚለወጥ አንድ ነገር ከያዛችሁ ለአምስት ደቂቃ ይተርፋል። በስክሪፕት አንድ ገጽ በግምት አንድ ደቂቃ ነውና ከአምስት ገጽ በላይ ከጻፋችሁ ከወዲሁ ቁረጡ።

ይህ ድሃ ፊልም ማለት አይደለም። ኃይሌ ገሪማ ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በ1966 ክረምት አገሩ ገብቶ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን የቀረጸው በሁለት ሳምንት ያህል ነው፤ በጥቁርና ነጭ ባለ 16 ሚሊ ሜትር ፊልም፣ ሙያተኛ ባልሆኑ ሰዎች፣ ንጉሡ ሊወርዱ በተቃረቡበት ወቅት። የተማሪ የክረምት ዕረፍት ነበር፤ ከዚያ በላይ ጊዜ አልነበረውም። ርዝመቱ ግን ከሁለት ሰዓት በላይ ነው። የጄሲካ በሽር «ሐይራት» ደግሞ (እ.ኤ.አ. 2017) ሰባት ደቂቃ ገደማ ሲሆን፣ ሐረር ላይ ማታ ማታ ጅብ የሚያበሉትን ዩሱፍ ሙሜን ብቻ ይከተላል። አንድ ሰው፣ አንድ ከተማ፣ ጅቦቹ። ሌላ ምንም የለም፤ ሰንዳንስ ላይ ታይቷል።

እኔ የቆቦ ልጅ ነኝ። ወሩ ኅዳር ነበር፤ ማሽላው ሊታጨድ የደረሰበት። «ግሪሳ የሚጠብቅ ልጅ እንቅረጽ» አልኩ። ከደጋ የመጡት ጓደኞቼ ግሪሳ ምን እንደሆነ አያውቁምና ማስረዳት ነበረብኝ። ከድንቢጥ የማትበልጥ፣ መንቁሯ ቀይ ወፍ ናት፤ አንዷ በቀን 10 ግራም ገደማ እህል ብትበላ ነው። መንጋው ሚሊዮን ሲሞላ ግን ያ በቀን 10 ቶን ይሆናል። ስለዚህ በቆላው ማሽላ ከፈካ ጀምሮ ማሳው መሐል ማማ ይሠራል፤ ልጅ ወንጭፍ ይዞ ከንጋት እስከ ምሽት እዚያ ላይ ይውላል፣ ይጮኻል፣ ጥንቅሽ ያኝካል። ትምህርት ቤቱም በዚያው ወር ክፍት ነው። ፊልሙ እዚህች ላይ ነው ያለው፤ ልጁ እህሉን ይጠብቃል፣ እሱን ማን ይጠብቀዋል? ሹራው በዚህ ተዘጋ።

ማን ምን ይሠራል

ሹራ ካበቃ በኋላ ክርክር የለም። ለጉዞ አሚር መምረጥ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ቀረጻም እንደዚያው ነው። ዳይሬክተሩ ማሳው ላይ «ይሄን እንተው» ካለ ይተዋል፤ ቅሬታ ካለ ማታ ከዒሻ በኋላ ይነሳል። ካሜራ የያዘው ካሜራውን ብቻ ያስባል። ድምፅ የያዘው ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ ሰውን ሳይሆን ንፋስን ያዳምጣል። ኤዲተሩ ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ይወጣል፤ የጎደለውን ቀድሞ የሚያየው እሱ ነውና።

አምስተኛዋ አስተባባሪ ነበረች። ቡድኖች ሁሉ የሚንቁት ቦታ ይህ ነው፤ «ካሜራ መያዝ ካልቻለ አስተባባሪ ይሁን» ይባላል። እኔ ከአምስታችን አንድ ሰው ቀንሱ ብባል ራሴን እቀንስ ነበር እንጂ እሷን አልነካም። የትብብር ደብዳቤውን ከግቢ ያወጣች፣ ለቀበሌው ያሳየች፣ ሚኒባሱን የተነጋገረች፣ ፓወር ባንኮቹን ሌሊት ቻርጅ ያደረገች እሷ ናት። ዓርብ ጠዋት ቆቦ ገብተን ከጁሙዓ በኋላ የማሳውን ባለቤትና የሰፈሩን ሽማግሌዎች አስፈቀድን። የልጁን አያት ማስፈቀድ ግን የእሷ ድርሻ ሆነ። ጓዳ ገብታ ቡና ቆልታ ከእማማ ጋር አንድ ሰዓት ተቀመጠች። ይዛ የመጣችው መልስ ይህ ነበር፦ ልጁን ቅረጹ፤ እኔም እናገራለሁ፤ ፊቴን ግን አታንሱ። እጃቸው ብቻ እንዲቀረጽ ተስማማን። ቸኩለን ስልክ ደቅነን ብንገባ ኖሮ «እሺ» ይሉን ነበር፤ እንግዳ ማሳፈር አይወዱማ። በይሉኝታ የተሰጠ ፈቃድ ግን ፈቃድ አይደለም፤ ፊታቸው ላይ ይታያል።

ብርሃኑና ሶላቱ

ፊልም ሠሪ ቀኑን በብርሃን ይከፋፍላል። የእኛ ቀን አስቀድሞ በሶላት የተከፋፈለ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ብታስቀምጡ በደንብ ይገጥማሉ። ፈጅር ሰግዳችሁ ወዲያው ከወጣችሁ ፀሐይ ከዞብል ተራራ በላይ ብቅ ስትል ማሳው ላይ ናችሁ፤ ከዚያ እስከ 2፡30 ያለው ብርሃን ለስላሳ ነው፣ ፊት ላይ ጥላ አይጥልም። ከ4 ሰዓት በኋላ የቆቦ ፀሐይ ዓይን ጉድጓድ ውስጥ ጥቁር ጥላ ትሠራለች፣ ስልኩም ይግላል። ዙህር የሚገባው በዚያ ክፉ ብርሃን መሐል ነው፤ ስለዚህ ከ5 እስከ 9 ሰዓት ያለውን ለሶላት፣ ለምሳ፣ ለቻርጅና የተቀረጸውን ወደ ላፕቶፕ ለማዛወር ተውት። ከዐስር በኋላ መልካሙ ብርሃን ይመለሳል። እዚህ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። መግሪብ 12 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው ብላችሁ እስከዚያ ብርሃን አለን አትበሉ። ቆቦ ሜዳ ነው፤ በምዕራብ በኩል ያለው የደጋው ገደል ፀሐይዋን ቀድሞ ይውጣታል። ዓርብ ዕለት ሃያ ደቂቃ የተሸወድነው በዚህ ነው።

ሐሙስ ማታ አሥራ ስምንት ቀረጻዎች ዘርዝረን ነበር። ከነሱ ስድስቱ ላይ ኮከብ አደረግን፤ ያለ እነሱ ፊልሙ ፊልም አይሆንም። መጀመሪያ የሚቀረጹት እነዚህ ናቸው፣ ቆንጆዎቹ ሳይሆኑ። ስልኩን በ1080 ጥራት፣ በሰከንድ 25 ምስል ላይ አድርጉት (የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ቤት ውስጥ አምፖሉ እንዳይርገበገብ ይረዳል)። ስክሪኑን ልጁ ፊት ላይ ተጭናችሁ ብርሃኑን ቆልፉት፤ አለዚያ ደመና ባለፈ ቁጥር ምስሉ ይለዋወጣል። በዚህ ጥራት አንድ ደቂቃ ከ100 እስከ 150 ሜጋባይት ይወስዳል፤ እኛ በጠቅላላው የቀረጽነው 47 ደቂቃ 6 ጊጋባይት ገደማ ሆነ። ለአምስት ደቂቃ ፊልም ይህ በቂ ነው፤ ብዙ መቅረጽ ኤዲተሩን መግደል ነው።

ድምፁ የጠፋበት ቅዳሜ

ተመልካች ደብዛዛ ምስል ይታገሣል፤ የማይሰማ ንግግር አይታገሥም። ሜዳ ላይ ደግሞ ንፋስ አለ። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ ሁለተኛ ስልክ ድምፅ መቅጃው ተከፍቶ፣ ማይኩ በቀጭን ስፖንጅ ወይም በንጹሕ ካልሲ ተሸፍኖ፣ ተናጋሪው አጠገብ ይቀመጣል። ቀረጻው ሲጀመር አንዴ እጅ ይጨበጨባል፤ ኋላ ድምፁንና ምስሉን የምታገጣጥሙት በዚያች ጭብጨባ ነው። ማንም ሳይናገር ደግሞ የቦታውን ዝምታ ግማሽ ደቂቃ ቅዱ፤ ንግግር ስትቆርጡ ክፍተቱን ይሞላላችኋል። ስለ ሙዚቃ የሚጠይቁ አሉ። ፊቅሁን ለዓሊሞች እተወዋለሁ፤ በሙያ ግን ሙዚቃ የሚፈለገው ብዙ ጊዜ የቦታው ድምፅ ሳይቀዳ ሲቀር ነው። የወንጭፉ ጩኸት፣ የልጁ «ሃይ!»፣ የማሽላው ሽውሽውታ ይበቃን ነበር።

ቅዳሜ ከዙህር በኋላ እማማ ቡና አፍልተው፣ ለሁላችንም ጀባ ብለው፣ ሃያ ደቂቃ ተናገሩ። እሳቸውም በልጅነታቸው ማማ ላይ እንደዋሉ፣ የልጅ ልጃቸው ባለፈው ዓመት በወፍ ጥበቃ ስንት የትምህርት ቀን እንዳመለጠው፣ ማሽላው ካልገባ ግን ደብተሩም እንደማይገዛ። እኛ እንባችንን እየዋጥን ነበር። ማታ ከዒሻ በኋላ ፋይሉን ስንከፍት ድምፁ ሁለት ደቂቃ ላይ ይቆማል። ድምፅ የሚይዘው ስልክ ተደውሎለት ነበር፤ ጥሪው ሲገባ ቅጂው ተቋርጧል፣ ያስተዋለ የለም። ካሜራው የያዘው ድምፅ ንፋስና የስኒ ኳኳታ ነው። ፍላይት ሞድ! ሁለት ጊዜ መንካት ነበር።

ዝም ተባባልን። ከዚያ አንዱ ወንድማችን፣ አዛን ሲያደርግ ግቢው ሁሉ የሚያደምጠው፣ «እኔ ልተርክላቸው» አለ። ወዲያው ጻፍነው። ያምር ነበር፤ ወላሂ፣ ከእማማ ንግግር ይልቅ የተስተካከለ ነበር። እሁድ ጠዋት ደግሞ ከዞብል በኩል የፀሐይ መውጣትና የከተማው መንገድ ሊቀረጽ ታቅዷል፤ 5 ሰዓት ላይ መሳፈር አለብን። አስተባባሪያችን ናት ያስቆመችን፦ «እሳቸው ያሉትን እኛ ምን አግብቶን ነው የምንለው? ፊታቸውን አታንሱ አሉ፤ ድምፃቸውንም ከወሰድንባቸው ምን ቀራቸው?»

ለዳይሬክተሩ ቀላል ውሳኔ አልነበረም። የፀሐይ መውጣቷ የፊልሙ መክፈቻ ናት፤ ኮከብ ግን አልነበራትም። ዝርዝሩ ላይ ኮከብ የማድረግ ጥቅሙ የገባኝ ያኔ ነው፤ ሌሊት 5 ሰዓት ላይ ደክሞህ የምትወስነውን ሐሙስ በጤናህ ወስነኸዋል። ፀሐይዋን ተውናት። ጠዋት አፍረን በራቸው ላይ ስንቆም እማማ «አብሽሩ ልጆቼ፣ ግቡ» አሉን። ሁለተኛው ንግግር አራት ደቂቃ ብቻ ነበር፤ ያጠረው ስለደገሙት ነው፣ የተሻለውም ለዚያ ነው። ከሱ ሃምሳ ሰከንድ ፊልሙ ውስጥ ገባ፤ ከስሩ የሚታየው ቡና የሚቆላ እጃቸው ነው።

ቅንብሩ

ኤዲቲንግ ላይ አንድ ታሪክ ብቻ ልናገር። በ1966 ጥቅምት እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ የሚያሳይ ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን አቀረበ። ያው ፊልም በደርግ ሰዎች እጅ የቤተ መንግሥት ግብዣ ምስል እየተቀላቀለበት እንደገና ተቆራርጦ መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱ ንጉሡ ወረዱ። የረሃቡ ምስል አልተለወጠም፤ የተለወጠው ጎኑ የተቀመጠው ነው። ላፕቶፕ ፊት ስትቀመጡ ይህን አስታውሱ። የእማማን «ደብተሩም አይገዛም» ልጁ ከሚስቅበት ምስል ጎን ብናስቀምጠው ልጁ ግድ የለሽ ይመስል ነበር፤ ኤዲተራችን አንድ ጊዜ እንደዚያ አድርጎት አይተን ደንግጠን አንስተነዋል።

የቀረው ቴክኒክ ነው፦ ፋይሉ ሁሉ ሁለት ቦታ ይቀመጥ፤ መጀመሪያ ድምፁን ብቻ ደርድሩና ምስሉን በላዩ አልብሱት፤ የራሳችሁን ማብቂያ ከእውነተኛው ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ቁረጡ። እኛ 4 ሰዓት ብለን ነበር። 3 ሰዓት ተኩል ላይ የዶርሙ መብራት ጠፋ፤ ላፕቶፑ ሠላሳ በመቶ ቻርጅ ነበረው። ስክሪኑን አደብዝዘን፣ ሌላውን ፕሮግራም ሁሉ ዘግተን ኤክስፖርት አደረግን፤ 5፡20 ላይ ገባ።

ሽልማት አላገኘንም። በሴሚስተሩ ዕረፍት ፊልሙን በሚሞሪ ካርድ ይዤ ቆቦ ገባሁና ለእማማና ለልጁ በስልኬ አሳየኋቸው። እማማ የራሳቸውን ድምፅ ሲሰሙ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወስደው ሳቁ። ልጁ ግን እስከ መጨረሻው ፊቱን ኮስተር አድርጎ አየና «ግሪሳዋ የታለች?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ በሦስት ቀን ውስጥ አንዲት መንጋ አልመጣችልንም። የመጣችው እሁድ ረፋድ፣ እኛ ሚኒባስ ተሳፍረን ከሄድን በኋላ ነው አሉኝ።